ሃሎዊን በጥንታዊ መኪኖች መካከል፦ የአንድ ቅዳሜ ምዘና

በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ ቅዳሜ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ በሚገኝ የገጠር ሜዳ ላይ፣ የጥንታዊ መኪና ባለቤቶች መኪኖቻቸውን ለሃሎዊን አስጊጠው ለልጆች ከረሜላ የሚያድሉበትን ዝግጅት ከሁለት ልጆቼና ከአጎቴ ጋር ሄጄ ተመልክቻለሁ። አዘጋጁ በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ ትንሽ ማኅበር ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶችም ጥቂት ስላልሆኑ ስሙን ትቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ዝግጅት በዚሁ ወቅት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ስለሚደረግ፣ ምዘናው የትኛውም ሜዳ ላይ ቢሄድ ምን መፈለግ እንዳለበት ለሚጠይቅ ወላጅ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለመኪኖቹ ሲባል መሄድ ይገባል፤ ከማስጌጫው ግን ግማሹ ባይታይም አይቆጭም።

በአንድ ሜዳ የተሰለፉ መኪኖች የኋላ ኮፈናቸውን ከፍተው ለሚዞሩ ልጆች ከረሜላ የሚያድሉበት፣ «ትረንክ ኦር ትሪት» የሚባለው ልማድ፣ ልጆች በጨለማ የማያውቁትን ሰው በር ከሚያንኳኩ ወላጅ በሚያያቸው ቦታ ቢሰበሰቡ ይሻላል በሚል ሐሳብ በአብያተ ክርስቲያናትና በትምህርት ቤቶች የመኪና ማቆሚያዎች የተስፋፋ ነው። የጥንታዊ መኪና ማኅበራት ይህን ልማድ ለመውሰድ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ብርዱ ጠንክሮ መንገዱ ላይ ጨው ከመበተኑና መኪኖቹ ሸራ ለብሰው እስከ ጸደይ ጋራዥ ከመግባታቸው በፊት ብዙዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ የሚወጡት በዚህ ሰሞን ነው። ሕጉም አይከለክላቸውም፤ ቨርጂኒያ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው መኪና የምትሰጠው ልዩ ታርጋ ለዕለታዊ መመላለሻ ባይሆንም፣ ትርዒትና ሰልፍ ከተፈቀዱት ጉዞዎች መካከል ናቸው።

የእኛ ቤት ወደዚያ የሄደው ያለ ክርክር አይደለም። የሃሎዊን ዕለት፣ ኦክቶበር 31፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ስለሚውል ከወርኃዊው የማርያም በዓል ጋር ይገጥማል፤ በቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን አጽምና ጠንቋይ በየደጁ ተሰቅሎ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ዝግጅቱ ከዕለቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ መዋሉ አጎቴን በመጠኑ አለዘባቸው። አዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን የገፉ፣ የጠፋ የመኪና ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ሱቅ በሱቅ ያዳረሱ ሰው ስለሆኑ፣ አሮጌ መኪና አለ ከተባለ ቤት መቅረት አይሆንላቸውም። «እኔ መኪናውን አያለሁ፤ ሰይጣኑን አንቺው እዪው» ብለው ገቡ።

መግቢያው ለአንድ ቤተሰብ 15 ዶላር ሲሆን ክፍያው በስልክ ብቻ ነበር። የሜዳው የስልክ ኔትወርክ ደካማ በመሆኑ በሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመናል፤ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል አንድ ሰው ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ሰልፍ ባስቀረ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሣሩ ረጥቦ የሕፃናት ጋሪ የያዙ እናቶች ተቸግረዋል።

ከስድሳ የማያንሱ መኪኖች መካከል ቀኑን ሙሉ ልንረሳው ያልቻልነው በሦስተኛው ረድፍ ጥግ የቆመ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1917 ሞዴል ቲ ፎርድ ነው። ሄንሪ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ያመረተው ይህ መኪና ለአሜሪካኖች ብርቅ ባይሆንም፣ ባለቤቱ ያደረገለት ጌጥ ግን ብርቅ ነበር፤ ምንም አላደረገለትም ማለት ይቀላል። የኋላ ወንበሩ ላይ በነጭ አንሶላ የተሸፈነና የዘመኑን ባርኔጣ የደፋ ቅርጽ አስቀምጧል፤ እሱ ራሱ ረጅም ጥቁር ካፖርትና የአቧራ መነጽር አድርጓል። በ1914 እና በ1925 መካከል ከፋብሪካው የወጡት ሞዴል ቲዎች በጥቁር ቀለም ብቻ ይሠሩ ስለነበር፣ ሸራ ጣሪያ ያለው፣ ቀጭን ጎማ ያለው፣ ጥቁር መኪና በዳመና ሰማይ ሥር መቆሙ ብቻውን በቂ ነበር።

ሞተሩ ሲነሣ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀም። የዚህ መኪና የፊት መብራት ኃይል የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን ከሞተሩ ጋር እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ ማግኔቶ በመሆኑ፣ ሞተሩ ሲፈጥን መብራቱ ይደምቃል፤ ሞተሩ ሲዘገይ ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ይደበዝዛል። ባለቤቱ ከመሪው ሥር ያለችውን የነዳጅ ዘንግ በጣቱ ከፍና ዝቅ ባደረጋት ቁጥር ሁለቱ መብራቶች ዐይናቸውን እንደሚገልጥና እንደሚከድን አውሬ ይሆናሉ። በዚያ ላይ ለአራቱ ካንዴላዎች እሳት የሚሰጡት አራት ቦቢናዎች በእንጨት ሣጥናቸው ውስጥ ሆነው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻሉ። የስድስት ዓመቱ ልጄ ከኋላዬ ተደበቀ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲደገምለት ለመነ። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ማሽን የራሱን አሠራር ብቻ ይዞ ልጅን በደስታ ማስፈራራት ከቻለ፣ ከመደብር የተገዛ የላስቲክ አጽም ምን ሊጨምርለት ነው?

ባለቤቱ የአጎቴን ሁኔታ አይቶ ከነጂው ወንበር ላይ ጋበዛቸውና ከሦስቱ ፔዳሎች የትኛው ነዳጅ እንደሚሰጥ ጠየቃቸው። ከአርባ ዓመት በላይ የነዱት አጎቴ ሳያመነቱ የቀኙን ረገጡ፤ እሱ ፍሬን ነው። የመካከለኛው የኋላ ማርሽ ነው፤ የግራው ደግሞ ተረግጦና ተለቆ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ማርሽ ይቀይራል፤ ነዳጁ የሚሰጠው በእጅ ነው። ሞተሩ በእጅ ተዙሮ በሚነሣበት ማኖቬላ ላይ ግን ክብራቸውን መልሰዋል። ባለቤቱ ስለ አደጋው ሊያስረዳ ገና አፉን ሲከፍት፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ከአራቱ ጣቶቻቸው ጋር በአንድ በኩል አድርገው እጀታውን ከታች ወደ ላይ ሳቡ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ አውራ ጣቱን አጥፎ የያዘ ሰው እጁ እንደሚሰበር በጋራዥ ልጅነታቸው በጥፊ ጭምር የተማሩት ነገር ነው። በሁለተኛው ስበት ተነሣ። ለዚህ ብቻ 15 ዶላሩን ሁለት ጊዜ በከፈልኩ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ብዙ ሰው የከበበው የ1959 ካዲላክ የሬሳ መኪና ነው። እነዚህን መኪኖች ካዲላክ ራሱ ጨርሶ አይሠራቸውም ነበር፤ የተራዘመውን ሻሲ ከነሞተሩ ይሸጥና አካሉን ልዩ ሠሪዎች ይገነቡበታል። የዚያ ዓመት ካዲላክ በአሜሪካ መኪኖች ታሪክ ረጅሙን የኋላ ክንፍ የያዘ ነው፤ በክንፎቹ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተተከሉት ቀይ መብራቶች ሲበሩ ለሃሎዊን የተፈጠረ ይመስላል። ወለሉ ላይ ሣጥኑ እንዲንሸራተት የተተከሉት መንከባለያዎች አሁንም ስለሚሠሩ፣ ባለቤቱ ከረሜላ የሞላበትን ረጅም የእንጨት ገበታ ከውስጥ ወደ ልጆቹ ይልከዋል፤ ልጆቹ ወስደው መልሰው ይገፉለታል። ብልሃት ያለው አቀራረብ ነው። ይሁን እንጂ ለቅሶን በምናውቀው መንገድ ለምናውቅ ሰዎች የሬሳ መኪና መጫወቻ ሲሆን ማየት ሆድን ቅር ይለዋል፤ አጎቴም አማትበው ዞረው በሌላ በኩል አልፈዋል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ግን በእውነት ሰው የተጫነበት መኪና እንደሆነ ጠየቀች። ባለቤቱ «ሥራውን በክብር ጨርሶ ጡረታ ወጥቷል» ሲል መለሰላት፤ ጥሩ መልስ ነበር። ልጃቸው በቅርቡ ሐዘን ያየ ወላጆች ግን ይህን ረድፍ ቢዘሉት እመክራለሁ።

አጎቴ ያማተቡበትን ያስረሳቸው አንድ የ1963 ቮልስ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ከፊት መሆኑን የተጠቀመችበት ባለቤት የፊት ኮፈኑን ከፍታ፣ በጠርዙ ነጭ የስፖንጅ ጥርሶች ደርድራ፣ ቀይ ምንጣፍ እንደ ምላስ እስከ መሬት ዘርግታለች፤ ሁለቱ ክብ መብራቶች ደግሞ ከላይ ምንም ሳይጨመርባቸው ዐይን ናቸው። ከረሜላው ጉሮሮው ውስጥ ስለሆነ ልጁ እጁን በአውሬው አፍ ማስገባት አለበት። ልጄ እንደ ሌሎቹ መኪኖች ከኋላ ይከፈታል ብሎ ዞሮ ሄዶ ሞተር አገኘና ተደናግጦ ተመለሰ፤ አጎቴም ይህ ሞተር ራዲያተር እንደሌለውና በአየር ብቻ እንደሚቀዘቅዝ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጁ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቮልስ የቤተሰብ አባል ነውና ማስገደድ አልፈለግሁም።

እዚህ ላይ ስለ ማስጌጥ ሙያ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚያ ሜዳ ላይ ጥሩውን ከመጥፎው የለየው የገንዘብ መጠን ሳይሆን ለመኪናው የታሰበለት አሳቢነት ነበር። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በብዙ መኪኖች ላይ የተቀባው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ከዛሬው ቀለም ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ፣ ስኮች ፕላስተር ሲነቀል ልጦት ይወጣል፤ ማግኔት ያለው ተለጣፊም ከሥሩ አቧራ ከቀረ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ጥንቁቆቹ ባለቤቶች ዱባቸውን ከወፍራም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠዋል፤ የሸረሪት ድሩን ቀለሙን ሳይነካ ከፓራውልት እስከ ፓራውልት በክር ወጥረውታል። የ1931 ሞዴል ኤ ፎርድ ያለው አንድ አዛውንት ደግሞ ከውጪ አንዲት ነገር ሳይለጥፍ፣ ከኋላ ተከፍቶ በሚወጣው ተጨማሪ ወንበር ላይ አንድ አጽም ከነኮፍያውና ከነሻርፑ አስቀምጦ፣ የሚያልፈውን ሁሉ በክር በሚንቀሳቀስ እጁ ሰላም ያሰኘዋል።

ስለ መብራቱም እንዲሁ ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች፣ ቮልስ ደግሞ እስከ 1966፣ ባለ 6 ቮልት ባትሪ ስለሆኑ በ12 ቮልት የሚሠራ የጌጥ መብራት ከእነሱ ጋር አይገጥምም። ይህን ያወቁት የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው መብራት ይዘው መጥተዋል። ያላወቁት ጄኔሬተር አስነሥተው ረድፉን በሙሉ በጩኸትና በጭስ አውከውታል፤ የሞዴል ቲውን ቦቢናዎች ለመስማት ሁለት ጊዜ ጄኔሬተር እስኪጠፋ መጠበቅ ነበረብን።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ከዚህ ይብሳል። አንድ ተሳታፊ በተፈለፈለ ዱባ ውስጥ እውነተኛ ሻማ ለኩሶ፣ ዙሪያውን በደረቅ የበቆሎ አገዳና በገለባ አስጊጦ፣ የቤንዚን ታንክ አፍ ከተዘጋበት ጨርቅ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ አስቀምጦ ነበር። ብዙ ጥንታዊ መኪኖች የነዳጅ ሽታ ሳይወጣቸው አይቆሙም፤ የሞዴል ቲ ታንክ ደግሞ በቀጥታ ከፊተኛው ወንበር ሥር ነው። አጎቴ ነገሩን ለአንድ አስተናጋጅ ሲያሳዩት ሻማው ወዲያው ጠፍቷል፤ ሆኖም ይህን በሩ ላይ መከልከል የአዘጋጁ ድርሻ እንጂ የእንግዳ አልነበረም። በባትሪ የሚሠራው የውሸት ሻማ በየመደብሩ በርካሽ ዋጋ ተቆልሎ እያለ ምክንያት ሊቀርብለት አይችልም።

የጭስ ማሽንም አልወደድኩም። ከማሽኑ የሚወጣው ጭስ ቀዝቅዞ ሲያርፍ ክሮሙ ላይ የሚጣበቅ ስስ ፈሳሽ ይተዋል፤ አንድ ባለቤት ጎረቤቱ የለቀቀውን ጭስ ከፓራውልቱ ላይ በጨርቅ ሲጠርግ ነው የዋለው። ከዚህ ሌላ ጥንታዊ የሚለው ቃል መለጠጡ አስቂኝ ነበር። የአሜሪካ ጥንታዊ አውቶሞቢል ክለብ፣ ከ1935 ጀምሮ ያለው ትልቁ ማኅበር፣ እንደ ቨርጂኒያ ሕግ ሁሉ መለኪያውን 25 ዓመት ስላደረገው፣ በሰልፉ መጨረሻ የ1990ዎቹ የጃፓን መኪኖች ሰው ሠራሽ ደም ተረጭቶባቸው ቆመዋል። «እንዲህ ከሆነ አገር ቤት ያለው ታክሲ ሁሉ ቅርስ ነው» ብለው አጎቴ ሳቁ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አዘጋጁ ከ1960ዎቹ በፊት ለነበሩት ለብቻቸው ረድፍ ቢሰጣቸው ጎብኚው የመጣበትን ሳይደክም ያገኝ ነበር።

ከረሜላውን በተመለከተ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካው አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ ሲጀመር የተትረፈረፈው ነገር ከሁለት ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ ረድፎች ላይ አልቆ ነበር። ዘግይተው የመጡ ልጆች ባዶ ባልዲ ይዘው ሲዞሩ ማየት ያሳዝናል። ባለቤቶቹ ከረሜላውን ከኪሳቸው ስለሚገዙ እነሱን መውቀስ አይቻልም፤ ከመግቢያው ገንዘብ የተወሰነውን ለከረሜላ ማዋል ግን ይቻል ነበር። ለውዝና ወተት የማይስማማቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች ሁለት መኪኖች ላይ ብቻ በአረንጓዴ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዱባ ያገኛሉ፤ ይህ ዱባ ከምግብ ውጪ የሆነ ስጦታ፣ እንደ እርሳስና ትናንሽ መጫወቻ ያለ፣ መኖሩን የሚያመለክት ነው። እግረ መንገዴን፣ ወቅቱ የጽጌ ጾም በመሆኑ የፈቃድ ጾሙን ለሚጾሙ ቤተሰቦችም ይኸው ዱባ ከወተት ቸኮሌቱ ያድናቸዋል። ሌላው ያስተዋልኩት ነገር፣ ልጆቹ ምንም ሳይሉ እጃቸውን ዘርግተው መቀበላቸው ነው። በቡሄ ጊዜ ሆያ ሆዬ ሳይጨፈር፣ ባለቤቱ ሳይወደስ ሙልሙል አይገኝም ነበርና፣ ልጆቼ ቢያንስ ስለ መኪናው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ከረሜላ እንዳይወስዱ አዘዝኳቸው። ትእዛዙን በመጀመሪያ አጉረመረሙበት፤ ኋላ ግን ባለቤቶቹ ጥያቄውን ከከረሜላው በላይ ስለወደዱት ሌሎች ልጆች የማይገቡባቸው ወንበሮች ላይ እንዲቀመጡ ተጋብዘዋል።

ምግቡ የተለመደው ሆት ዶግና ትኩስ የፖም ጭማቂ ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ጣዕሙ መካከለኛ። መጸዳጃዎቹ ንጹሕ ነበሩ፤ እጅ መታጠቢያ ግን አልነበረም፤ ከረሜላ ለሚበላ ልጅና ግሪስ ለነካ አጎት ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በሕዝብ ድምፅ የተሰጠውን ሽልማት ያገኘው ግዙፍ አየር የተነፋ ሸረሪት ጣሪያው ላይ የጫነ የ1970ዎቹ ፒክአፕ ሲሆን፣ ሸረሪቱ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ስለሸፈነው ዓይነቱን መለየት አልቻልኩም። ሞዴል ቲው አንድም ሽልማት አላገኘም። ድምፅ መስጫው የተከፈተው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር፣ ሸረሪቱ ከውስጡ እያበራ ከሩቅ ታይቷል፤ ሞዴል ቲው ግን በዚያን ጊዜ ሜዳው ላይ አልነበረም።

ለሚቀጥለው ዓመት ሄዳችሁ ለማየት ካሰባችሁ፣ በር እንደተከፈተ ግቡ፤ የልጆቹን ልብስ ከብረት መቆለፊያና ከሹል ጌጥ ነፃ አድርጉት፤ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጥሬ ገንዘብም ስልክም ያዙ። አዘጋጆቹ በማስታወቂያቸው ዝግጅቱ በጨለማ ይደምቃል ይላሉ፤ ይህ ለማስጌጫው እንጂ ለመኪኖቹ እውነት አይደለም። መብራታቸው ደካማ የሆነው አንጋፋዎቹ በጨለማ መንገድ ላይ መውጣት ስለማይፈልጉ፣ ገና ብርሃን ሳለ ከ11 ሰዓት ጀምሮ አንድ በአንድ ይሄዳሉ። እኛም ወደ መኪናችን ስንመለስ የሞዴል ቲው ባለቤት ነጩን አንሶላ በጥንቃቄ አጣጥፎ፣ ባርኔጣውን በሣጥኑ ከቶ፣ መኪናውን ወደ ተጎታቹ ላይ ሊያወጣ ሲዘጋጅ አገኘነው፤ አጎቴንም በእጁ ጠርቶ ማኖቬላውን ሰጣቸው።